ሁለት ሕፃናት፣ አንድ ጃንጥላ

ጡቴን የጠባ ሰው ልጅ፣ ለልጅ ልጄ ምኗ ነው?

ከመጋቢት ወዲህ ይህን ጥያቄ ይዤ እዞራለሁ። ላሟን ሳልብ አጠገቤ ይቀመጣል፤ ሊጥ ሳቦካ ከእጄ ጋር ይቦካል። ባሌ ቢኖር እሱን እጠይቅ ነበር፤ ኮረብታው ላይ ካረፈ አሥራ ሁለት ዓመቱ ነው። ልጄ ኦራዝም፣ የልጅ ልጄ የኢንካር አባት፣ ከጎኑ ተኝቷል። የኢንካር እናት ሌላ አግብታ ሩቅ ከተማ ገባች፤ ልጅቷ እኔ ዘንድ ቀረች። ብርድ እንዳይመታት፣ ውሻ እንዳይነክሳት፣ ዓይን እንዳይበላት ስል ዕድሜዬን ፈጀሁ። ለሁሉም መላ ነበረኝ፤ ካልሲ፣ ዱላ፣ ክታብ። ለፍቅር ግን ምን ይደረጋል? በሩን ቢዘጉት በመስኮት፣ መስኮቱን ቢዘጉት በመጫወቻ ሆድ ይገባል።

አዎ፣ በመጫወቻ። ወጣት ሳለሁ የመንግሥት እርሻው ሱቅ ውስጥ ሻጭ ነበርኩ። የጠፈር መንኮራኩር ከሰማይ ወርዳ እኛ ሜዳ ላይ ስታርፍ በዓይኔ ካየሁ በኋላ፣ ወደ ሱቁ ከሚመጣው የጠፈር መጫወቻ ሁሉ አንድ አንዱን ለራሴ እገዛ ጀመር። የቆርቆሮ ሮኬት፤ ሲሽከረከር ከዋክብት የሚዞሩበት ሽክርክሪት፤ ለአዲስ ዓመት ዛፍ የሚንጠለጠሉ የብርጭቆ ጠፈርተኞች፤ ባትሪ ሲገባላት በስምንት ጎማ የምትንፏቀቅ የጨረቃ ጋሪ። «የሰው ሚስት ሻርፕ ትገዛለች፣ የኔዋ ሮኬት» ይል ነበር ባሌ። ስልሳ ሦስት ደረሱ። በሙሽርነቴ ሣጥን ውስጥ በጥጥ ጠቅልዬ ነው የማኖራቸው። መክደኛውን ስከፍት የቀለምና የአሮጌ ጥጥ ሽታ ይወጣል፤ ያን ጊዜ ሃያ ሦስት ዓመት ይሆነኛል።

ባለፈው መስከረም አንድ ቀጭን ወጣት መኪናውን አጥር ጥግ አቁሞ አንኳኳ።

«አፓ፣ ደህና ዋሉ? የጠፈር መጫወቻ የምታስቀምጥ አሮጊት እዚህ አለች ብለውኝ ነው።»

«አሮጊቷ አለች። መጫወቻውን የሚያይ ግን መጀመሪያ የማን ልጅ እንደሆነ ይነግራታል።»

ሳቀ። እኛ ካዛኮች አሮጊትን አፓ፣ ሽማግሌን አታ እንላለን፤ ወንድ ልጅ ከቤት ሲገባ ደግሞ ሰባት አባቱን እናስቆጥራለን፤ በሰባት ቤት ውስጥ የሚገናኙ ልጆች እህትና ወንድም ናቸውና አይጋቡም። እኔ ደግሞ የደረሰች ልጅ ቤቴ አለች፤ እንዴት አላስቆጥር? ስሙ ቤክዛት ነው፣ ከዋናው ከተማ ከአስታና የመጣ። አባቱ ሳብር፣ የአባቱ አባት ይሲምሃን እያለ ሰባቱንም ሳይደናቀፍ አወረደልኝ። ጎሳው ከእኛ የተለየ ነው። «ግባ፣ ጫማህን እዚያ አውልቅ» አልኩት። ያ ስህተቴ ነው።

ኢንካር ከትምህርት ቤት ስትመለስ ወለሉ ላይ ተንበርክኮ የጨረቃ ጋሪዋን እንደ ወፍ ጫጩት በሁለት መዳፉ ይዟት ነበር። ሥዕል ታስተምራለች፤ ጣቷ ላይ ሁልጊዜ ቀለም አይጠፋም፤ ያን ቀን ሰማያዊ ነበር። ቀና አለ። እኔ ሻይ እየቀዳሁ ነበር። ሻዩ ከስኒው ሞልቶ፣ ማስቀመጫውን ሞልቶ፣ የጠረጴዛው ልብስ ላይ ፈሰሰ። እነሱ አላዩትም። እኔም አላየሁትም፤ እነሱን ነበር የማየው።

ልግዛ አላለም። «እነዚህ አይነጣጠሉም አፓ፤ ሲያረጁም አብረው ያርጁ» ብሎ መልሶ በጥጥ ጠቀለላቸው። ይልቅ የራሱ ስብስብ ውስጥ ፊታቸው የለቀቀ ጠፈርተኞች እንዳሉ ነገረንና ኢንካር ቀለም ትቀባቸው እንደሆነ ጠየቀ። ትቀባለች። ከዚያ በኋላ በየዓርቡ የአውቶቡሱ ሾፌር ካርቶን ያወርድ ጀመር፤ ሰኞ ደግሞ ካርቶን ይጭናል። ክረምቱን ሙሉ፣ በረዶው መስኮቱን እስከ ወገቡ ሲቀብረው እንኳ፣ ዓርብ ግን ዓርብ ነበር።

አንድ ቀን እሷ ሳትኖር ቤክዛት በካርቶን የላካትን የራሱን የጨረቃ ጋሪ ትሄድ እንደሆነ ልሞክር ብዬ ሆዷን ከፈትኩት። ባትሪው ሥር የታጠፈ ወረቀት አለ። ስምንተኛ ክፍል ድረስ ተምሬያለሁ፤ ዓይኔ ከኅሊናዬ ቀድሞ አነበበው።

«ኢንካር፣ የላክሽልኝ ጠፈርተኛ ይስቃል። ፋብሪካው ሲሠራው አይስቅም ነበር። ማን ላይ ነው የምትስቀው ብዬ ስጠይቀው ዝም ይላል። እዚህ መብራቱ በዝቶ ኮከብ አይታይም። አንቺ ከቤት ስትወጪ ቀና በዪና የኔንም ድርሻ እዪልኝ።»

መልሼ አጠፍኩት። ማታ እራት ላይ ኢንካር ሾርባዋን እያማሰለች፣

«አፓ፣ ጋሪዋን ነካክተሻታል?»

«እኔ? ከጋሪ ምን አለኝ?»

«ባትሪዋ ተገልብጣ ነው የገባችው።»

«እንግዲህ ጨረቃ ላይ ያለ ሰው ገልብጧት ይሆናል።»

ጆሮዋ ድረስ ቀላች። እኔም ሳህኔ ላይ አጎነበስኩ፤ ከኦራዝ ሞት ወዲህ እንደዚያ ቀን ሳቄ አስቸግሮኝ አያውቅም።

በመጋቢት ቤክዛት ስጦታ ይዞልኝ መጣ፤ በመስታወት የታሰረ ፎቶግራፍ። «የአባቴ እናት ናት። መንኮራኩሯን በእጇ ነክታለች። እሷና አያቴ እዚሁ እናንተ መንደር ሦስት ዓመት ኖረዋል፣ አባቴም እዚሁ ነው የተወለደው። በሕይወት የሉም እንጂ ቢኖሩ ይተዋወቁ ነበር።»

አየሁት። በእሳት የጠቆረች ክብ ነገር ሣሩ ላይ ዘመም ብላለች፤ ከኋላዋ ከሰማይ ያወረዳት ትልቁ ጃንጥላ ተንጣሏል፤ አጠገቧ አንዲት ሴት ሻርፗ ከራሷ ተንሸራቶ ጥርሷ እስኪታይ ትስቃለች።

ኩልያሽ።

የግድግዳ ጎረቤቴ ኩልያሽ። እንዴት አላወቅሁም ትሉኝ ይሆናል። እኛ ዘንድ አዲስ ሙሽራ ከባሏ የሚበልጡ ወንዶችን በስማቸው አትጠራም፤ ነውር ነው፤ የራሷን ስም ታወጣላቸዋለች። የኩልያሽን ባል እኔ ረጅሙ ጋሼ ነበር የምለው። ይሲምሃን የሚለው ስም በአፌ አልፎ አያውቅም፤ በጆሮዬም ከገባ በአርባ አምስት ዓመት ውስጥ ወጥቷል። ሕፃኑን ደግሞ ዓይን እንዳይበላው ብለን ሁላችንም ቡችላ ነበር የምንለው። ሰባት አባት አስቆጥሬ የገዛ ጎረቤቴን ሳላውቅ አሳለፍኩ።

መንኮራኩሯ በወረደችበት ቀን መከር አልፏል፣ ሣሩ ቢጫ ነው። ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ነጎድጓድ መታ። ኩልያሽ ሕፃኑን ይዛ ሮጣ መጣች። «ዛውሬ፣ ያዥልኝ! እየወረዱ ነው!» አለችና ያለ ኮርቻ ፈረሳችን ላይ ዘላ ሄደች። ሃያ ሁለት ዓመቷ ነበር፤ ማን ይፈርድባታል? ቡችላ ግን ማልቀስ ጀመረ። የኩልያሽ ወተት ቀጭን ነበር፤ ልጁ ጠግቦ እንደማያውቅ ከግድግዳው ወዲህ ሆኜ ሌት ተቀን እሰማው ነበር። እኔ ከኦራዝ የሚተርፍ ሞልቶኛል። ኦራዝን በቀኝ፣ ቡችላን በግራ ይዤ በሩ ላይ ቆምኩ።

ያኔ ጃንጥላው ተከፈተ። ብርቱካንማና ነጭ፤ ከሰማዩ በቀር ምንም በሌለበት ሜዳ ላይ፣ እንደ አበባ፣ መድረስ እንደማይፈልግ ሁሉ ቀስ እያለ ወረደ። ነፋሱ ቆመ። ሁለቱ ሕፃናት በአንድ ምት ይጠባሉ፤ አንዱ ሲውጥ ሌላው ይውጣል። እዚያ ላይም የሰው ልጅ አለ፣ ወደ እናቱ እየተመለሰ ነው ብዬ አሰብኩ፤ ለምን እንደሆነ ሳላውቅ እንባዬ ወረደ። ከዚያ መሬቱ ላይ አቧራ ተነሣ፤ ድምፁ ዘግይቶ መጣ። ቡችላ ጡቴን እንደያዘ እንቅልፍ ወስዶታል።

ለኩልያሽ አልነገርኳትም። ወተቷ ለቀጠነ እናት «ልጅሽ እኔ ዘንድ ጠገበ» ማለት በጥፊ መምታት ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ሞተች፤ ረጅሙ ጋሼ ልጁን ይዞ ሄደ፤ ሌላ አገባ ሲሉ ሰማን። ነገሩ እኔው ጋ ቀረ።

እንግዲህ ፎቶግራፉን ግድግዳዬ ላይ ሰቅዬ ፊቴን ከቤክዛት አዞርኩ። ምን ላድርግ? ሲመጣ ላሟ ጋ እሄዳለሁ። ሻይ ስቀዳለት ዓይኑን አላየውም። ኢንካር አንድ ቀን ወጥ ቤት መጥታ በሩን ዘጋችብኝ።

«አባቱ ባለ ጎተራ ስለሆነ ነው አይደል? ስንዴያቸው ስለበዛ ነው?»

«ስንዴው ምን አደረገኝ ልጄ።»

«ታዲያ ምን በደለሽ? ‹አፓ ዓይኗን ነሣችኝ፣ ምን አጠፋሁ?› ብሎ ጽፎልኛል። ትልቅ ሰው ነው አፓ፣ ሲጽፈው ግን እንዳለቀሰ አውቃለሁ፤ ቀለሙ ፈስሷል።»

«ቀለም ከብርድም ይፈሳል» አልኳት። ይህን የሚል አፍ ይቆረጥ።

የከተማውን መስጊድ ሙላህ በስልክ ጠየቅሁ፤ «የአንዲት ሴት ጉዳይ ነው» ብዬ። «የአጎት ልጅ እንኳ ሃይማኖት አይከለክልም፤ ይጋቡ» አለ። ልቤ አልረጋም። የመንደራችን ሽማግሌ ዘይኑላ ጋ ሄድኩ፤ «የሌላ መንደር ሴት ናት» አልኩ። በፂሙ ውስጥ ፈገግ አለ።

«ይቺ የሌላ መንደር ሴት ጉልበቷን ያማታል እንዴ? እንዳንቺ ታነክሳለች?»

«አታላግጥ አታ።»

«እንግዲህ ስሚ። በእኛ ወግ ወተትም ቤት ነው፤ ይቆጠራል። ግን ወተት ምስክር የለውም። ዳኛው የጠባው ሰው ነው። ‹እናቴ› ካላት እናቱ ናት፣ ልጆቹም እህትና ወንድም ናቸው። ካላላት የአሮጊት ወሬ ነው፤ ነፋስ ይወስደዋል።»

ያን ሰምቼ ቆረጥኩ። ማን ሊጠይቀው? ማን ሊነግረው? አፌን ሰፍቼ ኢንካርን እድራለሁ፤ ኃጢአቱ የኔ ይሁን አልኩ።

በግንቦት መጡ፤ ጉትቻ ሊያደርጉላት። የልጁ እናት በልጅቷ ጆሮ ላይ ጉትቻ ካደረገች ነገሩ አለቀ፣ ልጅቷ የነሱ ናት። ሳብርን ከመኪና ሲወርድ አየሁት፤ ሰፊ፣ ሽበታም፣ ቁጡ ሰው። በዚያ ፊት ላይ ቡችላን ፈለግሁ፤ አገጩ ላይ ብቻ አገኘሁት። ሚስቱ ጋውሃር ሽቶዋ ከሷ ቀድሞ ገባ፤ ጣሪያዬ ላይ ያለውን የዝናብ እድፍ አይታ እንዳላየ ሆነች። ዘይኑላ አታ ከላይ ተቀመጠ፤ ለክብሩ የበጉ ራስ ቀረበለት። ኢንካር በነጭ ቀሚስ ሻይ ትቀዳለች። ቤክዛት ስኒውን ሲቀበላት ጣታቸው ተነካካ፤ ሁለቱም እንደ ተቃጠለ ሰው እጃቸውን ሰበሰቡ። እግዜር ይጠብቃቸው፤ ልቤ ቀለጠ።

የቤክዛትን ምላስ ደስታ ፈታው። «አፓ፣ ለአባቴ ያን ቀን ይንገሩት! ጃንጥላውን። መጫወቻዎቹንም ያሳዩት፤ እዚሁ ነው የተወለደው፣ አንድም ቀን ግን ስለዚህ ሜዳ አውርቶልኝ አያውቅም።»

ሳብር ስኒውን አስቀመጠ።

«ይቅርብኝ» አለ። «ስለዚያ ቀን የማውቀው ይበቃኛል። ያሳደገችኝ ሴት በየቀኑ ትነግረኝ ነበር። ‹እናትህ የወደቀ ብረት ለማየት አንተን ባዶ ቤት ጥላ ሮጠች፤ ድምፅህ እስኪዘጋ ቀኑን ሙሉ ብቻህን አለቀስክ› እያለች። ልጄ ያን የመሰለ ቆርቆሮ በየመንደሩ ሲለቅም ዝም ያልኩት ስለምወደው ነው። እይ ግን አትበሉኝ።»

«ሳብር፣ የሰው ቤት ነው» አለች ጋውሃር ቀስ ብላ።

«አውቃለሁ። ይቅርታ አፓ።»

አርባ አምስት ዓመት! ኩልያሽ ከመቃብሯ ሆና ያየችኝ መሰለኝ። ዝም በዪ ዛውሬ፣ ዝም በዪ አልኩ ለራሴ። ኢንካርን አየሁ፤ ጆሮዋን ለጉትቻው ገልጣ፣ ፀጉሯን ሰብስባ ይዛለች። ዝም በዪ። ግን ሰውዬው ስኒው ላይ አጎንብሶ አገጩ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ያ አገጭ ደግሞ ጡቴ ላይ አርፎ ያውቃል።

«ውሸት ነው» አልኩ።

ሁሉም ዞሩ።

«ብቻህን አልነበርክም። ለኔ ሰጥታህ ነው የሄደችው። ስታለቅስ አጠባሁህ። በግራዬ አንተ፣ በቀኜ ልጄ ኦራዝ፣ እዚያ በር ላይ ቆሜ። ጃንጥላው መሬት ሲነካ አንተ ጠግበህ ተኝተሃል። ለእናትህም አልነገርኳት፤ ወተቷ ትንሽ ነበር፣ እንዳይከፋት። እሷ ስትመለስ ግን ሳቅ ሳቅ እያልክ ነበር። አንዲት ጠብታ እንባ ፊትህ ላይ አልነበረም።»

መጀመሪያ የገባት ኢንካር ናት። የሰበሰበችው ፀጉር ከእጇ ወረደ።

«ኦራዝ… አባቴ?» አለች። «አፓ፣ ምን አደረግሽ?»

«ይህ ነበር» አለ ቤክዛት በሹክሹክታ። «ዓይንዎን የነሡኝ ለዚህ ነበር። እኔ ደግሞ ጠልተውኛል ብዬ…» ኢንካርን አየ፤ እሷም አየችው። ያን አስተያየት ዳግም አያሳየኝ፤ ባቡር ከሄደ በኋላ መድረኩ ላይ የቀሩ ሰዎች እንኳ እንደዚያ አይተያዩም።

ጋውሃር የጉትቻውን ሣጥን ከደነችው። ቀጭ አለ።

«ወተት ደም አይደለም!» ቤክዛት ብድግ አለ። «አታ፣ አይደለም በሏቸው!»

ዘይኑላ አታ ቢላዋውን ሥጋው አጠገብ አስቀመጠ። «ተቀመጥ ልጄ። እኔም አንተም፣ ሙላህም ዳኛ አይደለንም። ሳብር፣ የጠባኸው አንተ ነህ። ‹እናቴ› በላትና ከዛሬ ጀምሮ እናት ይኑርህ፤ እነዚህ ልጆችም እህትና ወንድም ሆነው ይለያዩ። ዝም ካልክ ደግሞ የሰማነው የአሮጊት ወሬ ነው፤ ጉትቻው ይደረግ። አንዱን ነው። ሁለቱን ላድርግ ብትል ወጉ አይፈቅድልህም።»

ሳብር ተነሥቶ መጣ። ያ ሰፊ ሰው እግሬ ሥር ወለሉ ላይ ተንበረከከ። እጄን ያዘ፤ እጁ ይቀዘቅዛል።

«ብዙ አለቀስኩብሽ?» አለኝ። ድምፁ ሌላ ነበር፤ የትልቅ ሰው ድምፅ አልነበረም።

«ትንሽ። ጡቱን እስክታገኘው ድረስ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ጣቴን ይዘህ ተኛህ። ላስለቅቅህ ብል እምቢ አልክ።»

ጣቴን ያዘ። ጉንጩን እጄ ላይ አሳረፈ፤ እንባው በጣቶቼ መካከል ሲወርድ ሙቀቱ ተሰማኝ። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። ቃሉ ሲመጣ አየሁት፤ ጥርሱ ድረስ መጥቶ ነበር። እኔም፣ አልዋሽም፣ ልሰማው ፈለግሁ። ኦራዝን ቀብሬ ዘጠኝ ዓመት ማንም ያን ቃል ብሎኝ አያውቅም። ኢንካርን ረሳኋት፤ አንዲት ትንፋሽ ያህል የገዛ ልጄን ልጅ ረሳኋትና «በለኝ» አልኩት በልቤ።

ቀና ብሎ ልጁን አየ። ቤክዛት ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል፤ ፊቱ እንደ ወረቀት ነው፤ ምንም አይለምንም፣ ዓይኑ ብቻ ኢንካር ላይ ነው። ሳብር ረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ መልሶ እኔን አየኝ፤ ግንባሬን፣ እጆቼን፣ የሻርፔን ጫፍ፤ በልቡ ሊይዘኝ እንደፈለገ ሁሉ።

«እንግዲህ ሳብር?» አለ ዘይኑላ አታ።

አልመለሰለትም። እጄን የተኛ ሕፃን እንደሚያስተኛ ሰው ቀስ አድርጎ ጉልበቴ ላይ አኖረው። ተነሣ። ከሚስቱ እጅ ሣጥኑን ወሰደ፣ ከፈተው፣ ተከፍቶ እንዳለ መልሶ መዳፏ ላይ አስቀመጠላት። ቆቡን ከማንጠልጠያው አወረደ። የቤቴ በር ዝቅተኛ ነው፤ ጎንበስ አለና፣ ምንም ቃል ሳይተነፍስ ወጣ።